ለእትዬ አስካለ ምን ብዬ ልጸልይ

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ዛሬ ዶክተሩ ለእትዬ አስካለ እንድተረጉምላቸው ጠራኝ። እዚህ ዐረብ አገር፣ አጅማን ከተማ ሰው ቤት ምግብ የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ አንጀታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ እሑድ ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ልትመጣላቸው የነበረችው የእህታቸው ልጅ ለሥራ ወደ ውጭ አገር መውጣት ስለታገደ አገር ቤት ቀርታለች። ስለዚህ እኔን ነርሷን እንደ ልጅ ይዘውኛል።

ዶክተሩ እንዲገቡበት የጠየቃቸውን የሕክምና ጥናት አስረዳኋቸው። ከከብት ቆዳ የሚሠራ ኮላጅን የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ የአንጀቱ ስፌት እንዳያፈስ ይረዳ እንደሆነ እየተሞከረ ነው። ግማሹ በሽተኛ ይደረግለታል፣ ግማሹ አይደረግለትም።

«ከብቱን ማን ነው ያረደው? እስላም ነው ክርስቲያን?» አሉኝ።

ዶክተሩ ግራ ገብቶት ወረቀቱን አገላበጠ። የተጻፈ ነገር የለም። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የተገኘውን እበላለሁ፤ ግን አልሳቅሁም። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እዚህ ከመጡ ጀምሮ ሥጋ አልቀመሱም።

«ለማን እንደሚደረግ ማን ይመርጣል?» አሉ።

«ኮምፒውተር ነው፣ በዕጣ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ዕጣ ከሆነማ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ፈረሙ።

ዶክተሩ «ገብቷቸዋል?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ገብቷቸው ነው? እንጃ።

ከሥራ በኋላ ካራማ ሰፈር በሚሰበሰበው የቤት ኅብረታችን ላይ ስማቸውን ለጸሎት ሰጠሁ። መሪያችን «ምን ብለን እንጸልይ?» አለኝ። ሽፋኑ ይድረሳቸው ልበል? ይጥቀም አይጥቀም ዶክተሩም አያውቅም፣ የሚሞክሩት ለዚያ ነው። አይድረሳቸው ልበል? ስፌቱ ቢያፈስስ?

ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁኝ። የእኔ ብቻ ፈጦ ቀረ።