ያረስኩት መቀመጫሽ

ይድረስ ለእናንዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ? አንቺ ካለፍሽ ገብሱ ሦስት ጊዜ ተዘርቶ ሦስት ጊዜ ታጨደ። እኔ ጥርሴ ከመርገፉና ጆሮዬ የሚወደውን ብቻ መስማት ከመጀመሩ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮህስ ድሮም እንዲያ ነበር ማለትሽ አይቀርም። እሺ፣ ተረታሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ከአያ ስጦታው ማሳ ጋር ከምንዋሰንበት ሣር ላይ ተቀምጬ ነው። ጉሙ ከቆላው ቀስ እያለ ይወጣል። ሣሩን እንደ ነጠላ ጫፍ ዳሰስ አድርጎ ሲያልፍ፣ አንቺ የመጣሽ እየመሰለኝ ፈቀቅ እላለሁ።

የምን ሣር? አልቆ አልነበረም ወይ ትያለሽ። እሱን ልነግርሽ ነው የተነሳሁት።

በተጋባን ዓመት በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ድንበር ሁለት በሬ ጎን ለጎን የሚያስተኛ ሣር ነበር። ምሳ ይዘሽልኝ ስትመጪ የምንቀመጠው እዚያ ነበር። እኔ ታዲያ በየዓመቱ፣ ሰው ሳያየኝ፣ ከድንበሩ አንዲት ትልም እገፋለሁ። አንዲት ትልም ማንን ትጎዳለች? አንቺ ግን ታውቂ ኖሯል። አንድ ቀን መቀመጫው ቢጠብሽ፣ «ለከርሞ ጉልበትህ ላይ ልቀመጥ ነው?» አልሽኝ። እኔም «ለዚሁ ብዬ ነው የማርሰው» አልኩሽ። ሳቅሽ፤ ሳቅሽ ግን ሙሉ አልነበረም።

ሣሩ ባለቀ በዓመቱ ጎርፉ መንገድ አገኘ። መጀመሪያ የአይጥ መሄጃ የምታክል ነበረች፤ አንቺ ልታርፊ ስትይ ጥጃ የሚውጥ ቦረቦር ሆናለች። አልጋ ላይ ሆነሽ እጄን ይዘሽ «የአባቴን መሬት አደራ» አልሽኝ። አደራሽን ተቀብዬ አለቀስኩ፤ ቦረቦሩን የከፈትኩት እኔ መሆኔን ግን ዋጥኩት። አምና አባትሽ ከተከላት ወይራ ሥር ደረሰ። አንድ ክረምት ቢጨመር መሬትሽ ለሁለት መሰንጠቁ ነበር።

በዚህ መካከል ከንፋስ መውጫ ከተማ አንዲት የግብርና ባለሙያ መጣች፤ የልጅ ልጃችንን የምታክል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ የጽድ ዛፍ ጥላ ሥር ለሥልጠና ሰበሰበችንና፣ መሬታችሁ የሚዋሰን ጎን ለጎን ተቀመጡ አለች። እኔና አያ ስጦታው፣ ጎርፉ ካንተ ማሳ ነው የመጣው እየተባባልን የተኳረፍነው ሰዎች፣ ትከሻ ለትከሻ! ልጅቱ ሁለት ትሪ አፈር አመጣች፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ከነሣሩ። ውኃ ስታፈስባቸው ከሣሩ የወረደው ለቄስ የሚቀርብ ጠላ መሰለ፣ ከባዶው የወረደው አተላ። «አባቶቼ፣ በመካከላችሁ ሣር አልነበረም ወይ?» አለች።

ሁላችንም በትራችንን ማየት ጀመርን። እኔ ግን በዚያ አተላ ውስጥ ያ ሙሉ ያልነበረው ሳቅሽ ብልጭ ያለብኝ መሰለኝ። ተነሳሁና፣ «ነበረ። እኔ ነኝ አርሼ የጨረስኩት፤ በየዓመቱ አንዲት ትልም» አልኩ።

አያ ስጦታው ቀና ብሎ አየኝና ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንተም?»

ለካ እሱም በበኩሉ በየዓመቱ አንዲት ትልም! ሁለት ሌባ ከግራና ከቀኝ፤ እያንዳንዳችን ሣሩ የጠበበው በእኔ ነው ብለን ስንደበቅ ኖረናል። አብረውን የተቀመጡት የንስሐ አባታችን መቋሚያቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

ከዚያማ አገሩ ወጣ። ቦረቦሩን በድንጋይና በእንጨት ከተርነው፤ ባለሙያዋ አፈር የሚይዝ የደሾ ሣር ችግኝ አስመጣችልን። ድንበሩን በሜትር ልለካ ስትል፣ የድሮው ልክ ሁለት በሬ ነው ብዬ በሬዎቹን ላስተኛ ሞከርኩ። አሻፈረኝ አሉ። ምን ይደረግ፣ እኔና አያ ስጦታው በበሬ ፈንታ ጎን ለጎን ተጋደምን!

እዚያው ሰመመን ወሰደኝ። በጉሙ ውስጥ ምሳ ይዘሽ መጣሽ፤ ቁመሽ ቦታውን በዓይንሽ ለካሽው፣ ከዚያ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጥሽ። ያጠፋሁትን ልነግርሽ አፌን ስከፍት፣ «ዝም በል፣ ብላ!» አልሽኝ። ብነቃ አያ ስጦታው ጆሮዬ ሥር ያንኮራፋል።

ዘንድሮ ክትሩ አፈር ያዘ። ወይራዋ አለች። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። እኔ ወደ ዳር ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ያንቺ ቦታ እንዳለ ነው። አያ ስጦታው አንድ ቀን ሊቀመጥበት ቢል በበትሬ አስነሳሁት። ተቀይሟል፤ ይተወዋል።

አሁን የሚያርሰው ልጃችን ነው፤ የዳሯን ትልም ግን ለማንም አልሰጥም። ሣሩ ጫፍ ስደርስ፣ «እናንዬ!» ብዬ በሬዎቹን እመልሳቸዋለሁ። ለምደውታል። እኔ ባረጅና ብዘነጋ እንኳ፣ ስምሽ ካልተጠራ ከሣሩ ጫፍ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ አይዞሩም።

ድንበር ገፊው ባልሽ