ሞተሩ አልጠፋ ያለ ዕለት

ለታላቅ እህቴ ለፋዲላ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እማስ እንዴት ናት? ባለቤትሽ አብዱናሲር ደህና ነው? ልጅሽ ሀኒያስ ትምህርቷን በርትታለች? ከብቱ፣ ማሽላው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወንድማችን ደሊልም በሕይወት አለ። ይህችን ቃል አስቤባት ነው የጻፍኳት፤ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። እማ አጠገብሽ ካለች ወረቀቱን አጥፈሽ ወደ ጓሮ ውጪ።

በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ፣ ሁለቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ። ገበሬ ሆንክ ወይ ብለሽ ሳቅሽብኝ። ለዚህ ነው ሽንኩርት ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣው በኡበይደላ እጅ የላክሁልሽ፤ ከአንቺ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

እንደምታውቂው እኔና ደሊል የምንሠራበት ጋራዥ የድሮ የወታደር መኪና ነው የሚጠግነው። በጨረታ የተሸጡ የራሺያ መኪኖች ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡናል። ሰዉ ገዝቶ አሸዋና ድንጋይ ያመላልስባቸዋል። መለዋወጫ ስለማይገኝላቸው ከሞተው ፈትተን ለሚያጣጥረው እንገጥማለን። ደሊል ይወዳቸዋል። እኔ ድሮም አልወዳቸውም ነበር፣ አሁንማ ባላያቸው ደስ ይለኛል።

ኅዳር ላይ ጀቤሳ የሚባል ደንበኛችን በመልካሳ መንገድ ድንጋይ የሚያመላልስበትን መኪና አመጣ። ዘይት ይበላል፣ ያንጠባጥባልም። እኔ ከየት እንደሚፈስ ላይ ከሥሩ ተኛሁ፤ ደሊል አስነሳው። ሥራችን እንዲህ ነው፣ አንዱ ያስነሳል፣ አንዱ ከሥር ያያል። መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ማንም ሳይነካው ድምፁ እየጨመረ ሄደ። ደሊል ቢያጠፋው አልጠፋ አለ፤ ናፍጣውን ቢዘጋበትም አልጠፋም። ያረጀ የናፍጣ ሞተር አንዳንዴ የገዛ ዘይቱን እየሳበ ያነዳል፤ ያን ጊዜ ቁልፍ አይሰማም። አየር ካልከለከሉት በስተቀር እስኪፈነዳ ይሮጣል። ሲፈነዳ ደግሞ ብረቱ እኔ ወደተኛሁበት ነው የሚወርደው።

ሰው ሁሉ ሸሸ። ጀቤሳ ሸሸ፣ የጋራዡ ባለቤት አቶ አስፋውም ሸሹ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብችል እሸሽ ነበር። ቱታዬ ከሥር ብረት ይዞት መውጣት አቃተኝ። ደሊል ግን መኪናው ላይ ወጥቶ በጣውላ ቁራጭ አየር መሳቢያውን ደፈነው። ሞተሩ ተንፈራግጦ ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ግን ማራገቢያው እጅጌውን ይዞ እጁን ጎተተው። ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም፤ ከአንጓው በላይ ቆረጡት። ቀኝ እጁ የለም፣ ፋዲላ። ለስለስ አድርጌ ልጽፈው ፈልጌ አቃተኝ።

ቁስሉ አሁን ደርቋል። ጀቤሳ ሊጠይቀው ሲመጣ በኦሮምኛ ጀባዱ፣ በርታ ይለዋል፤ እሱም ከእንግዲህ ጓንት በጥንድ አልገዛም እያለ ያስቀዋል። እንግዳው ሲወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ባለፈው ሳምንት ጋራዥ መጥቶ በግራው መፍቻ ያዘ። ወደቀበት። ላነሳለት ጎንበስ ስል ጮኸብኝ፤ ደስ አለኝ፣ ከተቆረጠ ወዲህ ተቆጥቶ አያውቅም ነበርና።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንድ ቀን እጠላዋለሁ። ለሶላት ስታጠብ፣ ዉዱእ ሳደርግ፣ ሁለት እጄን ትክ ብሎ ሲያይ፣ ማን አትርፈኝ አለህ ብዬ ልጮህበት ይቃጣኛል። ከዚያ አፍራለሁ። ለሱ ውሃ ሳፈስለት ደግሞ ዓይኑን ማየት አልችልም።

ለእማ እንዳልናገር አስምሎኛል። እኔም ለእማ አልናገርም ብዬ ማልሁ፤ ለፋዲላ አላልኩም። መንገዱ ሰላም ከሆነ ረመዳንን ከእናንተ ጋር ሊይዝ ወደ ሐርቡ ይመጣል። ቀስ ብዬ ራሴ አሳያታለሁ ይላል። እጅጌው ረጅም የሆነ ኮት ገዝቷል። ለሰላምታ ክንዱን ይሰጣል፤ እዚህ ጋራዥ ሰፈር እጁን ግራሶ የነካው ሁሉ ክንዱን ስለሚሰጥ ማንም ልብ አይለውም። እማን ግን እንዲህ አያልፋትም። ገና ከደጅ ቀኝ እጃችንን ይዛ ስማ ነው የምትቀበለን። ባዶ እጅጌ ስትጨብጥ አስቢው። ከመድረሱ በፊት ንገሪያት። እንዴት እንደሚነገር አላውቅም፤ ታላቅ አንቺ ነሽ።

አብዱናሲርን ሰላም በይልኝ፤ መናኸሪያ ወርዶ እሱ ይቀበለው፣ ዕቃውንም ሳይጠየቅ ይሸከምለት። ሀኒያን ሳሚልኝ፤ አጎቷን አይታ እንዳትደነግጥ አጫውቻት። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ዱዓ አድርጉልን በያቸው። እማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። በግራ እጅ ሰላምታ አይሰጥም እያለች፣ እጃችንን እየመታች ያሳደገችን እሷ ናት፤ ደሊልም ከሁሉ አብልጦ የፈራው ይህንኑ ነው። ግራውን ሲዘረጋላት፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ተቀብላ ትሳመው።

ወንድምሽ ፈሪድ
አዳማ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.