ስለ ስምንተኛው ጃቫ አሟሟት

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎ እንደ መሥሪያ ቤትዎ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሳይሆን በአንድ ጥሪ የሚነሣ ይሁንልዎ እላለሁ። በመቀጠልም ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አራተኛ ፎቅ በሚገኘው ቤቴ ውስጥ፣ ፕሮግራምዎ ያለ እሱ የማይነሣው፣ ስምንተኛው ጃቫ የተባለው ሶፍትዌር ከኮምፒውተሬ በድንገት መለየቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ተከራይ ሁሉ በቤቱ መኖሩን እስከ ዓርብ ካላረጋገጠ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ አዘዋል፤ ማረጋገጫው የሚሞላውም በፕሮግራምዎ ብቻ ነው። ቅሬታዎቼ እነሆ፦

፩. ፕሮግራምዎ ከስምንተኛው ጃቫ በቀር ሌላ አይቀበልም፤ አዲሱን ባቀርብለት ፊቱን አዞረብኝ። አሮጌ ነገር የሚያከብር መሥሪያ ቤት ስላገኘሁ አመሰግናለሁ፤ አክብሮቱ እስከ አሮጌ ተከራዮች ድረስ እንዲወርድ ብቻ እለምናለሁ።

፪. ደውዬ ኮምፒውተሬ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ መሆኑን ብናገር፣ ሠራተኛዎ «አይዞዎት አባቴ፣ ይሻልዎታል» አለችኝ። ለርኅራኄዋ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

፫. ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀበለኝ ሌላ መሥሪያ ቤት ስላጣሁ ለእርስዎ አቀርባለሁ። አርባ ዓመት ሰዓት ስጠግን፣ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ባለጥርስ ማርሾች ካየሁ ትርፉን አወጣ ነበር። ኮምፒውተሩን ላጸዳ ገብቼ ሁለት ጃቫ ባይ፣ አሮጌውን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ፕሮግራምዎ እምቢ ሲል ግን፣ እርስዎ በላኩት ባለሙያ ፊት፣ ሊኑክሱን የጫነችልኝን፣ አብራኝ የምትኖረውን የልጅ ልጄን «የማታውቀውን እየነካካች ያበላሸችው እሷ ናት» ብዬ ከሰስኳት። ባለሙያው የተጫነውና የጠፋው ሁሉ የሚመዘገብበትን የኮምፒውተሩን ፋይል ከፍቶ አነበበ፤ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች። መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ አልኩ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ይህም አይገኝም።

ስምንተኛውን መልሳ የጫነችው፣ ከሁለቱ ጃቫዎች የትኛው ፕሮግራምዎን እንደሚያስነሣ መርጣ ቅጹን የላከችልኝ ያችው የከሰስኳት ልጅ ናት። «አባባ ደግሞ!» ብላ ስቃ ይቅር አለችኝ።

በቤቱ መኖሩ የተረጋገጠለት፣ ቤቱ ውስጥ ግን ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣ፣
አክባሪዎ ጡረተኛው ሰዓት ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ከጻፍኩት አንዱን ፈጥሬዋለሁ። የሠራተኛዎ ቃል እንዳይመስልዎ፤ እሱ እውነት ነው። ልጅቷ አልሳቀችም። ቅጹን ልካ፣ የኮምፒውተሩን ክዳን ቀስ ብላ ዘግታ፣ «ጨርሻለሁ» ብላ ወጣች። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳዎ ላይ ለጥፌዋለሁ። የሦስት ዓመቱን «ውሃ ነገ ይመጣል» ማስታወቂያዎን አልነቀልኩም፤ አሮጌ መንቀል ትቻለሁ። ከጎኑ ነው። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ የምታልፈው በዚያ ነው።