ማኅተሙን በቀኝህ

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ዝናብ። ከችሎት ስመለስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። የሶዶ ክረምት ገና ከአሁኑ ጀመረ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ልጄ ፈጠነች ዛሬም ቆሎውን በግራዋ ዘገነች። እናቷ አሳየሽ እጇን ጠፍ አደረገቻት። "ግራኝ! በቀኝሽ አላልኩሽም?" ልጅቷ አለቀሰች። ሰው በግራው ይታጠባል እንጂ በግራው አይበላም። ትምህርት ቤት ሳትገባ ቢለቃት ይሻላል።

ቀኝ እጄን ድክም ይለኛል። ብርዱ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ብርዱ አይደለም።

የምስክር ቃል እየጻፍኩ አውራ ጣቴ ድንገት ተቆለፈ። ብዕሩ ዘለለ። ቀለሙ ደግሞ ሌላ ቦታ አጥቶ "በግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ስም" ከሚለው ላይ ዱብ! ዳኛው አቶ ጉልላት ጎንበስ ብለው አዩት። "ምነው ተክለጻድቅ፣ ጠዋት ጠዋት መቅመስ ጀመርክ እንዴ?" ሰው ሳቀ። እኔ? ከፋሲካ ወዲህ ጠላ እንኳ አፌ አልገባም።

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ሚስማር መታሁ... ደህና። የፈጠነችን ቀሚስ ቁልፍ ሰፋሁ... ደህና። ብዕር ያዝኩ... ተቆለፈ። ወረቀት ሲያይ ብቻ የሚመጣ በሽታ ምን ዓይነት ነው?

አርብ፣ ሰኔ 21

አሳየሽ "ዓይን ነው" ትላለች። ጽሕፈቴ ያምራል፣ ሰው አየብኝ። ጠበል ሄድኩ፣ እጄን ነከርኩ። ቀዘቀዘ እንጂ አልተፈታም። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? ወይስ የጠበሉ ጉዳይ አይደለም?

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

አቶ ጉልላት አስጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ነገር አያሽሞነሙኑም። "ችሎቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው። ጥቅምት ስንከፍት እንደዚህ ሆነህ እንዳላገኝህ። ካልሆነ ከአረካ ሌላ ጸሐፊ አመጣለሁ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ምን እሺ? መሬት የለኝ፣ ንግድ አላውቅ። አባቴ ያወረሰኝ ይህን ጽሕፈት ብቻ ነው። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2

ጎረቤቴ ኤርሳዶ ሚሲዮን ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነው፤ ለፈረንጁ ዶክተርም ያስተረጉማል። እሱ ወሰደኝ። ዶክተሩ ጣቶቼን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ክርኔን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ።

"ዶክተር ይላል፣ እጅ ጤነኛ ነች" አለ ኤርሳዶ። "ልጅ ሆነህ በየትኛው ነበርክ ይላል።"

"ምኑን በየትኛው?"

"እጅ ነዋ ጋሼ! ድንጋይ ስትወረውር።"

"በቀኝ" አልኩ። ከዚያ ድንገት መጣብኝ... የኔታ! ፊደል ስቆጥር ግራ እጄን ከመቀነቴ ጋር በገመድ ያስሩት ነበር። ለካ ግራኝ ነበርኩ? ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ትዝ ሳይለኝ? ለዶክተሩ ነገርኩት። ታዲያ ለዚህ ነው የታመምኩት? በልጅነት የተለወጠ እጅ ኋላ እንዲህ ያደርጋል?

ዶክተሩ ብዙ ተናገረ። ኤርሳዶ አሳጠረው። "ይሆናል ይላል። ላይሆንም ይችላል ይላል።"

"የቱ ነው እንግዲህ?"

"ሁለቱም ነው። እኔም ግራ ገባኝ ጋሼ። ብቻ ቀኙ ይረፍ፣ በግራ ሞክር ይላል።"

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የትኛው እጅ የኔ እንደሆነ አላውቅም?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

በሩን ዘግቼ በግራዬ ሞከርኩ። ሀ ሁ ሂ... የቄስ ተማሪ ጽሕፈት። ደግሞ መዳፌ ያልደረቀውን ቀለም እየጠረገ ይከተለኛል። ወረቀቱን አጋደምኩት፣ ተሻለ።

አያምርም። ግን አይቆለፍም! ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25

አሳየሽ የግራ እጅጌዬ ላይ ቀለም አይታ ደረሰችብኝ። "በግራህ ነው የምትጽፈው? ወይ ጉድ! የልጅቷ ነገር ከማን እንደመጣ አሁን ታወቀ። ግራኝ ባል ያገባሁ እኔ ነኝ።" ቀጥላ ደግሞ፣ "እሷን ከወዲሁ መቅጣት ነው። ኋላ እንዳንተ ሳትሆን።"

እኔ እንዲህ የሆንኩት እኮ ተቀጥቼ ነው... ወይስ አይደለም? እርግጠኛ ብሆን እነግራት ነበር።

እሑድ፣ መስከረም 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ኤርሳዶ ለመስቀል ጠራን። ፕሮቴስታንት ስለሆነ ሁልጊዜ የሚላት አለችው፦ "ደመራው ቢቀር ስጋው አይቀር!" ሁላችን በአንድ ገበታ ዙሪያ፤ የእንሰቱ ቆጮ፣ ጥሬ ስጋው፣ ማባያው ዳጣ። ጸሎት አለቀ፣ እጅ ሁሉ ተዘረጋ። የኔም ተዘረጋ... ግራው! ስጋውን ይዞ ዳጣው ውስጥ ገባ። እኔ አላዘዝኩትም። ሳይ ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቧል።

የኤርሳዶ እናት እማማ ቦሼ በወላይትኛ አንድ ነገር ብለው ዳጣውን አነሱ። ኤርሳዶ ቀላ። "ምንም አይደለም ጋሼ... ይሄ በርበሬ አንሶታል፣ ሌላ ላምጣ ነው ያለችው።" እግዚአብሔር ይስጠው፣ ዋሸልኝ።

ብዕር ብሰጠው ግራዬ ጠገበ። አሳየሽ እስከ ቤታችን ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ነገሩን ሁሉ ልተወው ይሆን? ብተወውስ ምን በልቼ አድራለሁ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ችሎት ተከፈተ። አሳየሽ ጠዋት እንደ ወትሮዋ "ቀኝ ያውልህ" አለችኝ። ሄድኩ።

ለአቶ ጉልላት ቀድሜ ልነግራቸው ነበር፤ አልደፈርኩም። ተቀመጥኩ። ወረቀቱን አጋደምኩ። ብዕሩን በግራዬ ያዝኩ። ሹክሹክታ ተነሳ። ከቤሌ የመጣ ሻንቆ የሚባል ከሳሽ ብድግ አለ። "ጌቶች! የአባቴ መሬት ነው። በግራ አይጻፍብኝ!"

አቶ ጉልላት ወረቀቱን ተቀበሉኝ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

"የቀኝ እጅህስ?"

"ብዕር ሲይዝ ይቆለፋል ጌታዬ። በግራዬ ግን..."

"ይህ ይነበባል" አሉ። "ሕጉ ስለ እጅ የሚለው አለ?"

"የለም ጌታዬ።"

ጢማቸውን አሻሹ። ሻንቆን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "እንግዲያው ጻፍ። ማኅተሙን ግን በቀኝህ ምታ።"

ሻንቆ ጥቂት አሰበና ተቀመጠ። ማኅተሙን ስመታ ጠጋ ብሎ የመታሁበትን እጅ አጣራ። ቀኙ ነው። አልተቆለፈም። እጄን ስሞ ሄደ። ይህ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ አሁንም አልገባኝም፤ እንጀራዬ ግን አልተቋረጠም።

እየሮጥኩ ነው ቤት የደረስኩት። ፈጠነች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ግራ እጇ በእናቷ ሻሽ ከወገቧ ጋር ታስሯል። አታለቅስም። የለመደችው ትመስላለች። ቀኟን ቆሎው ውስጥ ከትታ ታየዋለች።

እዚያው ደጃፉ ላይ ተንበርክኬ መፍታት ጀመርኩ።

"አባዬ፣ እማዬ ትቆጣለች።"

አሳየሽ ወጣች። "ምን እያደረግህ ነው? ነገ ሰው ቤት ስትሄድ ምን ትባላለች? የእማማ ቦሼን ቤት ረሳኸው?"

አልረሳሁትም። የችሎቱን ውሎ ነገርኳት። ሰማችኝ። ቁጣዋ ግን አልበረደም። "እና እሷስ?"

"እሷም ማኅተም የምትመታ ቀን በቀኟ ትመታለች።"

ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯን ነከሰች። ቋጠሮው ተፈታ፣ ሻሹ መሬት ወደቀ።

ፈጠነች አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ እናቷን። ከዚያ ቆሎውን በግራዋ ዘገነች። አሳየሽ እጇን አነሳች... ሻሹን ከመሬት አንስታ አራገፈችው፣ ራሷ ላይ አሰረችው፣ ገባች።