የሸጌ ጉንፋን

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለወይዘሮ ጸሐይነሽ፣ አሥመራ።

እታለም፣ ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደኅና ነሽ ወይ? ባለቤትሽ አቶ ዳኘውስ? ትንሹን በላቸውን ሳሉ ለቀቀው? እኔና እናታችን በአካል ደኅና ነን፤ ከዚያ ያለፈ ደኅንነት ልጽፍልሽ አልችልም። አባታችን ሲያርፍ ለእናታችን ማጽናኛ ብለሽ የተውሽላት ልጅሽ ሸጌ በምን እንደ ሞተች ጠይቀሽኛል። እናታችን «ብርድ መታት ብለህ ጻፍላት፤ አገር ርቃ ያለችን ሰው በነገር አታድክም» ብላኛለች። እኔ ግን የማውቀውን በቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጥልሻለሁ።

ታኅሣሥ 2 ቀን ሰኞ ሸጌን አስነጠሳት፤ አፍንጫዋም ፈሰሰ። ታኅሣሥ 4 ቀን እናታችን እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ አመጣቻት። ትኩሳቷ ሠላሳ ሰባት ከስምንት ነበር። ትንፋሿን በሰዓት ቆጠርሁ፤ በደቂቃ ሃያ ስምንት። ጆሮዋም ደረቷም ንጹሕ ነበር። በእጇ ከያዘችው ቆሎ ለእኔም አካፈለችኝ። መዝገቡ ላይ «ጉንፋን» ብዬ ጻፍሁ፤ ለእናታችንም «ጉንፋን ነው፤ መርፌ አያስፈልጋትም» አልኋትና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ። ታኅሣሥ 6 ቀን ሳሏ በረታ። ታኅሣሥ 7 ቀን ቅዳሜ እኔ ለፈንጣጣ ክትባት ሐሙሲት ሄድሁ፤ በዚያው ዕለት እንጥሏ ተቆረጠ። ታኅሣሥ 9 ቀን መዋጥ አቃታት። ታኅሣሥ 11 ቀን ከሐሙሲት ተጠርቼ ደረስሁ፤ ትኩሳቷ አርባ፣ ትንፋሿ ስልሳ ሁለት፣ ጉሮሮዋ መግል ይዟል። ፔኒሲሊን ወጋኋት። ታኅሣሥ 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ አረፈች።

በመካከሉ የሆነውን አላየሁም፤ የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ከክሊኒኩ ሲመለሱ ጎረቤታችን ወይዘሮ ገላነሽ መንገድ ላይ አግኝተው «ወጋት?» ብለው ጠየቁ። አለመወጋቷን ሲሰሙ «ለባዕድ የሚወጋውን መርፌ ለእኅቱ ልጅ ሰሰተ?» ብለው ሣቁ። እናታችንም «ጎንደር ሦስት ዓመት የተቀመጠው ምንም አያስፈልግም ለማለት ከሆነ፣ ይህንንስ እዚሁ ከብት ሲጠብቅ ይማረው ነበር» አለች አሉ። በአገራችን ያልወጋ ሐኪም እንዳላየ ይቆጠራል። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ሳሉ ሲበረታ «እንጥሏ ወርዷል» ተባለና አቶ ደሳለው ተጠሩ። በፈረስ ጭራ አንቀው ቆረጡት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የእኔንም የአንቺንም እንጥል የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እናታችን ብታመነታ «እነ አያልነህን ቆርጬ አይደል ለወግ ለማዕረግ የበቁት?» አሏት። በሕይወት መኖራችን፣ እታለም፣ በልጅሽ ላይ ምስክር ሆኖ ቀረበ። በለቅሶው ላይ ደግሞ ወይዘሮ ገላነሽ «መጀመሪያ ከልክሎ ኋላ የወጋት መርፌ ነው የገደላት» ሲሉ ሰማሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ በላቸው ነው። እናታችን ማሳሉን ሰምታ «ለፋሲካ ይዛው ስትመጣ እንጥሉን እናስቆርጥለታለን» ትላለች። አታስነኪው። ጉንፋን ሰባትም ዐሥርም ቀን ይቆያል፤ ሳሉ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እንጥል አይወርድም፤ ጉሮሮ ሲቆጣ ያብጣል፣ ጉንፋኑ ሲለቅም ወደ ቦታው ይመለሳል። ጉንፋንን የሚያሽር መርፌ የለም። ጡትሽን ቶሎ ቶሎ ስጪው። አፍንጫው ሲደፈን ለብ ባለ፣ ጥቂት ጨው በገባበት ውኃ አርጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊለት። ጭስ ባለበት አታስተኚው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ከጎደጎደ፣ ወይም ጡት እንቢ ካለ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ውሰጂው።

ለአቶ ዳኘው፣ ለእናቱም ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ አክብሮቴን አድርሺልኝ። በላቸውን ሳሚልኝ። እናታችን ሰላም ብላሻለች፤ የሸጌን ቀሚስ እስከ ዛሬ ከራስጌዋ አላነሣችም። ይህን ደብዳቤ አላነበብሁላትም። ወቀሳውን ለእሷ ብቻ እንዳትሰጪ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እናታችን ሰባት ቀን አልጠበቀችም። ሰባት ቀን ጠብቂ ብዬ እኔም አልነገርኋትም።

ወንድምሽ አያልነህ
ወረታ፣ ጥር 23 ቀን 1954 ዓ.ም.