ስለ ጉልበታቸው ዝም ያሉት ኤሌውቴሪዮ ጋላሮን

ወገኖቼ፣ ቄሱ እስኪደርሱ ቁጭ በሉና ስሙኝ። የቆማችሁም ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። ይህን የጻፍኩት ታላቅ ወንድማቸው ቦኒፋሲዮ ነኝ።

ቴርዮ የምንላቸው ኤሌውቴሪዮ ጋላሮን ከአባታችን ከዓሣ አጥማጁ ሎሬንሶና ደረቅ ዓሣ ይሸጡ ከነበሩት ከእናታችን ከፌሊሲዳድ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1956 በፓናይ ደሴት በዚሁ በሊናዎን ሰፈር ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚሁ፣ ሁለተኛ ደረጃን በከተማ ተማሩ። በ1974 የቅርጫት ኳስ ችሎታቸው ታይቶ ማኒላ ያለ ኮሌጅ በነፃ ተቀበላቸው። በሦስተኛው ዓመት ኮሌጃቸው ዋንጫ ሲበላ ሠላሳ አራት ነጥብ ያስቆጠሩት እርሳቸው ነበሩ፤ እናታችን ሬዲዮኑን ታቅፈው ሰሙ። በ1978 ለአንድ ትልቅ ክለብ ፈርመው ኳስ እንጀራቸው ሆነ። በዚያው ዓመት መምህርት ዴልፊናን አግብተው፣ በኋላ ሉሴናንና ማሪቤልን ወለዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በ1980 ለሳን ኢሲድሮ በዓል ሊጠይቁን መጡ። ሰፈራችን ከጎረቤት ሰፈር ጋር ለዋንጫ ሊጋጠም ነበርና እንዲጫወቱልን ለመንኳቸው። ውላቸው ከክለቡ ውጪ መጫወትን እንደሚከለክል ነገሩኝ። እኔ ግን፣ "እዚህ ማን ያይሃል? ዓሣው ነው የሚያሳብቅብህ?" አልኳቸው። ሣቁና ማልያ ለበሱ።

ሜዳችን በአዝመራ ጊዜ ሩዝ የምናሰጣበት ሲሚንቶ ነው። የዚያን ቀን ሩዙን አንሥቼ የጠረግሁት እኔ ነበርኩ። ቸኩዬ ከቅርጫቱ ሥር ፍሬ አስቀርቼ ኖሮ፣ ዘለው ሲወርዱ አንሸራተታቸው። የግራ ጉልበታቸው ድምፅ ዳር ድረስ ተሰማ። ተሸክመን ስናወጣቸው አንገቴን ይዘው፣ "ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ አንተ እንደለመንከኝ ለማንም እንዳትናገር። ከመርከብ ደረጃ ወደቅሁ እላለሁ" አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። ጉልበታቸውን በፋሻ እየጠቀለሉ፣ ማደንዘዣ እየተወጉ አንድ ዓመት ተጫወቱ። በ1981 በግማሽ ፍጻሜ፣ ነጥቡ እኩል ሳለ፣ ማንም ሳይነካቸው ቅርጫቱ ፊት ጉልበታቸው ከዳቸውና ኳሷን ሳቱ። ክለቡ አሰናበታቸው። ሰው ግን ጨዋታ ሸጠ አለ። እዚህ ዓሣ ገበያም "ቴርዮ፣ ስንት ሰጡህ?" እያሉ ሲያሾፉባቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት የሕዝብ ማመላለሻ ጂፕኒ ነድተው ልጆቻቸውን አስተማሩ። በስኳር በሽታ ምክንያት በ2016 ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ባለፈው ወር እውነቱን ልናገር ብዬ ብለምናቸው፣ "ስሞት ተናገር። አሁን ከሰው ጋር ትጣላብኛለህ" አሉኝ። ጁን 2 ቀን 2019 በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሕመምና ሐሜት በማይደርስበት ያሳርፍልን።

እናንተም ወገኖቼ፣ ጨዋታ ሸጠ የሚል ሰው ባጋጠማችሁ ጊዜ አትቆጡት። "የለም፣ ወንድሙ ለምኖት ነው የተጎዳው" ብላችሁ ንገሩት። እባካችሁ፣ ይህችን አስታውሱላቸው።