ግራጫው ሹራብ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ? ያ ደረጃ መውጣትና መውረድ ቀለል አለልሽ ወይስ እንደበፊቱ ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብስ በሰዓቱ ትበያለሽ? እኛ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን፣ ይመስገን፣ ምንም አልሆነም። ልጅሽም በአካል ደህና ናት። «በአካል» ያልኩበትን ምክንያት ከታች ታገኚዋለሽ።

ካለሽበት አገር ሰው በመጣ ቁጥር ለልጅሽ በምትልኪው አሻንጉሊት ቤቱ ሞልቷል። ጥንቸሉ ወንበሬ ላይ፣ ዝሆኑ እናታችን ትራስ ሥር ነው፤ ዝንጀሮው ደግሞ አንድ ቀን ከደንበኛ ሱሪ ጋር ተጠቅልሎ ሰው ቤት ድረስ ሄዷል። ሰብስቢ ብዬ ብለምን፣ ብቆጣ የሚሰማኝ አጣሁ። በመጨረሻ ከተራረፈ ጨርቅ አሥራ ሁለት ኪስ ያለው የግድግዳ ማንጠልጠያ ሰፋሁላት። ሁሉም በልኩ ነው፤ ቀጭኔው እንኳ አንገቱን የሚያወጣበት አለው። እሷ ትምህርት ቤት ሳለች አሻንጉሊቶቹን አራግፌ፣ የተተረተረውን ሰፍቼ፣ በየኪሱ ከተትኳቸው።

የቀረው ድቡ ነበር፣ ያ ስትሄጂ ትተሽላት የሄድሽው። ሆዱ እብጥ እብጥ ብሎ ቅርጹን አጥቷል። ልክፍቴን ታውቂዋለሽ፣ የተጣመመ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። ጀርባውን ተረተርኩና የተጠቀጠቀበትን አሮጌ ግራጫ ሹራብ አውጥቼ ከቁርጥራጩ ጋር ጣልኩት፤ በአዲስ ጥጥ ሞልቼ መልሼ ሰፋሁት። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጅሽ ከትምህርት ቤት መጥታ አቀፈችው። አሸተተችው። ከዚያ «አጎቴ፣ የእማዬን ሹራብ የት አደረግከው?» አለችኝ። የሰውን ልብስ በስፌቱ የምለይ ሰው፣ ያንቺን ሹራብ አላወቅሁትም። ሽታሽ እንዳይርቃት ድቡ ሆድ ውስጥ ከተሽላት፣ ምስጢራችን ነው ብለሻት ኖሯል። ምናለ ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ? ወደ ገንዳው ሮጥኩ፤ የቆሻሻ መኪናው ቀትር ላይ ጠራርጎ ወስዶታል።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ በተሻለኝ። ድቡን ባዶ የቀረው ኪስ ውስጥ ከተተችውና ሄደች። ይኸው አሥር ቀን ሆነ፣ አንድም አሻንጉሊት ከኪሱ አልወጣም። ቤቱ ጸድቷል፤ ስለምነው የኖርኩትን አገኘሁ። ገብቼ አየውና የማደርገው ጠፍቶኝ እወጣለሁ። ሻንጣሽን በርብሬ አንድ ቀሚስሽን አገኘሁ፤ እሱም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። መርፌና ክር የማይደርስበት ነገር ገጠመኝ፣ እህቴ።

እባክሽ ሌላ አሻንጉሊት አትላኪ። የለበስሽውን ሹራብ ላኪልን። እንዳታጥቢው።

እናታችን ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች፤ ከባድ ዕቃ አታንሺ ብላለች። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጅሽን «ለእማዬ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» ብላት፣ ማንጠልጠያውን ቀና ብላ አየችና «ኪሱ ሞልቷል በላት» አለችኝ።

ወንድምሽ
ከስፌት መኪናዬ ላይ፣ ጥቅምት 14 ቀን